ፎርም መሙላት የማያውቁትን ፍለጋ፦ የአንድ የዕውቅና ሥራ ማስታወሻ

1ኛ ሳምንት፣ ማክሰኞ

ዛሬ ለመጀመሪያ ጊዜ ተሰበሰብን። አምስት ነን፤ ሁላችንም በትርፍ ሰዓታችን። ሥራው በአፍ ሲነገር ቀላል ነው። በየሰፈራቸው ለሰው የሚጠቅም ነገር ጀምረው የሚመሩ ወጣቶችን መፈለግ፣ ከዚያ ሰው ፊት «አይተናችኋል» ማለት። በቃ።

ሁለት ሰዓት ተቀመጥን። አንድ ሰዓት ተኩሉ ስለ ዋንጫው ቅርፅ አለቀ። መስታወት ይሁን? እንጨት? ስማችን ከላይ ይጻፍ ወይስ ከታች? ተሸላሚው ሳይታወቅ ዋንጫው ሊሠራ ምንም አልቀረውም ነበር። እኔም ከደሙ ንጹሕ አይደለሁም፤ «እንጨት ይሻላል» ብዬ ድምፄ እስኪዘጋ ተከራክሬያለሁ።

በቀረችው ግማሽ ሰዓት ዕድሜ ላይ ደረስን። ወጣት ማነው? የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት ለስታቲስቲክስ ሲቆጥር ከ15 እስከ 24 ዓመት ይላል። እ.ኤ.አ. በ2006 የጸደቀው የአፍሪካ ወጣቶች ቻርተር እስከ 35 ይዘልቃል። የጸጥታው ምክር ቤት በ2015 ያወጣው ውሳኔ ቁጥር 2250 ደግሞ ከ18 እስከ 29 ነው የሚለው። ከመካከላችን አንዱ 34 ዓመቱ ነው። በቻርተሩ አሁንም ወጣት መሆኑን ሲሰማ ፊቱ በራ።

እኛ ከ14 እስከ 24 ላይ ተስማማን። አሥር ዓመት ቢሮ ውስጥ ሪፖርት ሲጽፍ የኖረን ሰው፣ ቦርሳ አንግታ ከትምህርት ቤት ከምትመለስ ልጅ ጋር ማወዳደር ፍርደ ገምድልነት መስሎን ነው።

2ኛ ሳምንት፣ ሐሙስ

የፎርሙን ረቂቅ የጻፍኩት እኔ ነኝ። 23 ጥያቄ አለው። ኮርቼበት ነበር። ማታ ለእህቴ ልጅ ሰጠኋት። 17 ዓመቷ ነው፤ ክፍል ውስጥ ጎበዝ የምትባል ተማሪ ናት። አራተኛው ጥያቄ ላይ ቆመች።

«አጎቴ፣ ባለድርሻ አካላት ማለት ምን ማለት ነው?»

ላስረዳት ሞከርኩ። እያስረዳሁ ሳለ እኔም በቅጡ እንደማላውቀው ገባኝ። «የሚመለከታቸው ሰዎች ማለት ነው» አልኳት በመጨረሻ። «ታዲያ ለምን እንደሱ አትሉም?» አለችኝ። መልስ አልነበረኝም።

3ኛ ሳምንት፣ ሰኞ

ፎርሙን ቀዳደን አምስት ጥያቄ ብቻ አስቀረን። ምን ችግር አያችሁ? ምን አደረጋችሁ? ከእናንተ ሌላ ማን አገዘ? ሞክራችሁ ያልተሳካው ምንድን ነው? ነገ ብታቆሙ መጀመሪያ የሚያውቀው ማነው?

የመጨረሻዋን እወዳታለሁ። የጽሑፍ ችሎታ አያልፋትም። ሥራው በእውነት ካለ መልሱ ሰው ነው፤ «ጎረቤታችን ያሉት አሮጊት»፣ «ሦስተኛ ክፍል ያሉት ልጆች»። ሥራው ከሌለ ግን መልሱ «ማኅበረሰቡ በአጠቃላይ» ይሆናል። ማኅበረሰቡ በአጠቃላይ ደግሞ በር አንኳኩቶ «ዛሬ ለምን ቀራችሁ?» ብሎ አያውቅም።

ሁለት ነገር ጨመርን። አንደኛ፣ ራስን መጠቆም ብቻ ሳይሆን ማንም ሰው ሌላውን መጠቆም ይችላል። ሁለተኛ፣ መጻፍ የማይመቸው በቴሌግራም ድምፁን ቀድቶ ይላክ። ሁለተኛው ላይ «ደረጃውን ያወርደዋል» የሚል ተቃውሞ ነበር። በድምፅ ብልጫ አለፈ።

5ኛ ሳምንት፣ ቅዳሜ

ጥቆማው ተዘጋ። 38 መጣ። ዛሬ ቀኑን ሙሉ ሳነብ ዋልኩ።

ከ38ቱ ሰባቱ በአንድ ሰው እጅ የተጻፉ ናቸው። ስማቸውና ሰፈራቸው ይለያያል፤ «ለሁለንተናዊ ዕድገት የበኩላችንን አስተዋፅኦ ለማበርከት በቁርጠኝነት» የሚለው ዓረፍተ ነገር ግን ሰባቱም ላይ አለ። ያው የነጠላ ሰረዝ ስህተቱም ሳይቀር። የ15 ዓመት ልጅ እንዲህ አይናገርም። የ50 ዓመት ሰውም እንዲህ የሚናገረው ማይክሮፎን ሲይዝ ብቻ ነው።

ከሁሉ የያዘችኝ 40 ሴኮንድ የምትሆን የድምፅ መልዕክት ናት። የአሮጊት ድምፅ ነው። ከበስተኋላ ሕፃን ያለቅሳል።

«ልጆቹ እኮ ቅዳሜ ቅዳሜ ይመጣሉ። የመጣልኝን ደብዳቤ ያነቡልኛል። መድኃኒቴንም የጠዋቱን ከማታው ይለዩልኛል። የሁሉንም ስም አላውቀውም፤ ትልቋ ናት የምትመራቸው። እንግዲህ ሸልሟቸው ልጄ፣ እኔ ምን አለኝ።»

አለቀ። ስም የለም፣ አድራሻ የለም። የተላከበት ስልክ ላይ ደወልን፤ ዝግ ነው። አንደኛችን «መረጃው ያልተሟላ» ብሎ ወደ ጎን ሊያደርጋት ነበር። እኔ ግን ወረቀት ላይ «40 ሴኮንድ» ብዬ ጽፌ ግድግዳዬ ላይ ለጠፍኳት።

6ኛ ሳምንት፣ ረቡዕ

ነጥብ አሰጣጥ። እዚህ ላይ ተጣላን፤ በደህና መንገድ።

መጀመሪያ አንድ ላይ ሆነን ነበር የምናነበው። ከመካከላችን በዕድሜ የሚበልጡት ሰውዬ «ይቺ ድንቅ ናት» ካሉ ሁላችንም ድንቅ እናያታለን። ደግሞ አንድ ነገር አስተዋልኩ። ጥራት ያለው ፎቶ ያያያዙት በሁሉም መስፈርት ከፍ ይላሉ፤ ከፎቶ ጋር ምንም በማይገናኘው «ውጤት» ላይ እንኳ። ነገሩ አዲስ አይደለም። አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ተመራማሪ ኤድዋርድ ቶርንዳይክ እ.ኤ.አ. በ1920 የጦር መኮንኖች ለበታቾቻቸው የሰጡትን ነጥብ አይቶ ጽፎታል። አለቃው ወታደሩን በአንድ ነገር ከወደደው በሌላውም በሌላውም ያወድሰዋል። ቁመናው ያማረው አስተዋይም ይሆናል፣ ታማኝም ይሆናል።

ስለዚህ ፎቶና ስም ተነሣ። እያንዳንዱን ጥቆማ ሁለት ሰው ለየብቻ ያነባል፤ ነጥቡን ጽፎ ካስቀመጠ በኋላ ነው ወሬ። የሁለቱ ነጥብ ከተራራቀ ሦስተኛ ሰው ይገባል። ሰውዬው ትንሽ ቅር አላቸው። በማግስቱ ግን «ለካ እኔም ስከተላችሁ ነበር» አሉ።

ሌላው ጥያቄ፣ ሥራው በእርግጥ የወጣቶቹ ነው ወይስ ከኋላቸው የቆመ ትልቅ ሰው ነው? ለዚህ ሮጀር ሃርት እ.ኤ.አ. በ1992 ለዩኒሴፍ ያዘጋጀው የተሳትፎ መሰላል ረዳን። ስምንት እርከን አለው። የታችኞቹ ሦስቱ ከነጭራሹ ተሳትፎ አይባሉም፦ ልጆቹን መጠቀሚያ ማድረግ፣ ለጌጥ ማቆም፣ ለይስሙላ ማሳተፍ። እኛ መሰላሉን ወደ አንድ ጥያቄ አወረድነው። «የመጨረሻውን ስብሰባ የጠራው ማነው?»

ይህቺ ጥያቄ ሰባቱን መንትዮች ባንድ ጊዜ ገላገለችን።

7ኛ ሳምንት፣ ከሐሙስ እስከ እሑድ

ጉብኝት። 12 ቦታ ለማየት አቅደን ዘጠኝ አየን። ሁሉንም አልጽፍም፤ ሦስቱን።

አንደኛው የቧንቧ ጠጋኞቹ ናቸው። አራት ልጆች፤ ትልቁ 18። የሚያንጠባጥብ ቧንቧ እየዞሩ ይጠግናሉ፤ የትምህርት ቤት፣ የጋራ መጸዳጃ ቤት፣ የአቅመ ደካሞች ቤት። ንብረታቸው አንዲት የፕላስቲክ ሣጥን ናት። ውስጧ በየመጠኑ የተለዩ የቧንቧ ጎማዎች አሉ። ክዳኗ ላይ በማርከር «መጀመሪያ ዋናውን ዝጋ!!!» ተጽፏል። ሦስቱ ቃለ አጋኖ የተጨመሩት አንድ ቀን ዋናውን ሳይዘጉ ጀምረው ክፍል ካጥለቀለቁ በኋላ ነው። «ያልተሳካው ምንድን ነው?» ለሚለው ጥያቄያችንም የጻፉት ይህንኑ ነበር፤ ሳይሸሽጉ።

ደብተራቸውን አሳዩኝ። ከመጠገናቸው በፊት ኩባያ ከሥሩ አስቀምጠው አሥር ደቂቃ ይይዛሉ። አንዱ ገጽ ላይ «150 ሚሊ ሊትር» ይላል። በቀን 144 አሥር ደቂቃ አለ፤ ሲባዛ 21.6 ሊትር። ከአንድ ቧንቧ፣ በአንድ ቀን። ከጎኑ የትምህርት ቤቱ ዘበኛ ፊርማ አለ። ከአንድ ሳምንት በኋላ ተመልሰው ሄደው ደግመው ለክተዋል፤ «0» ብለው ከብበውታል። ብዙ የተጠረዘ ሪፖርት አንብቤያለሁ፤ እንደዚህች ክብ ያመንኩት የለም።

ሁለተኛው ቤተ መጻሕፍት ነው። በነጥብ አንደኛ የወጣው። ባነሩ ያምራል፣ መደርደሪያው አዲስ ነው። ጣቴን አንዱ መጽሐፍ ላይ ሳሳርፍ አቧራው ላይ መስመር ቀረ። ልጁን «እንዴት ጀመርከው?» ብዬ ስጠይቅ አጎቱ መለሱ። «በሳምንት ስንት ሰው ይመጣል?» አጎቱ መለሱ። «አንተስ የትኛውን መጽሐፍ ትወዳለህ?» ስል እንኳ አጎቱ አፋቸውን ከፍተው ነበር። ልጁ እስከ ውጭ በር ሸኘን። ዘወር ብሎ አየና ቀስ ብሎ «እኔ እንኳ ማንበብ ብዙም አልወድም፤ ኳስ ነው የምወደው» አለኝ። ደስ የሚል ልጅ። ከዝርዝሩ አወጣነው፤ አልከፋውም።

ሦስተኛው ድንገት የመጣ ነው። እሑድ ከሰዓት ያ ዝግ የነበረ ስልክ ደወለ። የጎረቤት ልጅ ኖሯል፤ ስልኩ ተበላሽቶ ነበር። «ድምፃቸውን የላኩት እማማ ስልክህን ለምን ዘጋህ ብለው ተቆጡኝ» አለ። በዚያው ሄድን።

ልጅቷ 19 ዓመቷ ነው። ስድስት ሆነው ይሠራሉ። ለማያነቡና ዓይናቸው ለደከመ አረጋውያን ያነባሉ፤ ደብዳቤ፣ የቀጠሮ ካርድ፣ ደረሰኝ። እማማ የመድኃኒታቸውን ከረጢት አወጡልን። እያንዳንዱ ፓኬት ላይ በእስክርቢቶ ሥዕል አለ። የጠዋቱ ላይ ፀሐይ፣ የማታው ላይ ጨረቃ። ሁለት የሚዋጠው ላይ ሁለት ጨረቃ። ከምግብ በኋላ የሚባለው ላይ ትንሽ ሳሕን። «ከራሳችሁ ነው የምትጽፉት?» አልኳት በድንጋጤ። «ኧረ በፍጹም! ፋርማሲስቱ የጻፈውን ነው የምንገለብጠው። ካልተነበበን ይዘን እንመለሳለን፤ አንገምትም» አለች።

ጥቆማ እንደደረሰን ነገርኳት። ፊቷ አልበራም።

«ሽልማት ከመጣ ካሜራ ይመጣል። ካሜራ ከመጣ እማማ በር አይከፍቱልንም። የሰው ደብዳቤ እኮ ነው የምናነበው» አለችኝ።

8ኛ ሳምንት፣ ማክሰኞ

እንቅልፍ የነሣኝ ሳምንት ነው። ዕውቅና የማይፈልግን ሰው እንዴት ነው ዕውቅና የሚሰጡት?

አንዲት ባልደረባችን እ.ኤ.አ. በ1973 የተሠራ ሙከራ አነሣችብን። ተመራማሪዎቹ ሥዕል የሚወዱ ሕፃናትን ሦስት ቦታ ከፈሏቸው። አንዱን ቡድን «ከሣላችሁ ትሸለማላችሁ» አሉት። ሁለተኛውን ሳይነግሩት ሸለሙት። ሦስተኛው ምንም አላገኘም። ከአንድ እስከ ሁለት ሳምንት ቆይተው ሲያዩ፣ ሽልማት ተነግሮት የነበረው ቡድን በገዛ ፈቃዱ የሚሥልበት ጊዜ ከሌሎቹ በግማሽ ያህል ቀንሶ ነበር። ሳይጠብቁ የተሸለሙት አልቀነሱም። ሽልማቱ ምን ነበር መሰላችሁ? የወርቅ ማኅተምና ሪባን ያለው ሰርተፊኬት! ሁላችንም ጠረጴዛው ላይ ያለውን የሰርተፊኬት ናሙና አየነው። የወርቅ ማኅተም አለው። ሳቅ በሳቅ ሆንን።

ሰርተፊኬቱን አልተውነውም። በሚቀጥለው ዙር ግን ማስታወቂያው ላይ ሽልማት አይጠቀስም፤ «ሥራችሁን ልናይ እንፈልጋለን» ብቻ።

ሌላው ክርክር፣ ለመሪው ብቻ ይሰጥ ወይስ ለሁሉም? የዓለም አቀፉን የሕፃናት የሰላም ሽልማት ታሪክ አነሣሁ። እ.ኤ.አ. በ2005 ሲጀመር መጀመሪያ የተሰጠው ለንኮሲ ጆንሰን ነው፤ ከኤችአይቪ ጋር የተወለደ፣ በ12 ዓመቱ በ2001 የሞተ ደቡብ አፍሪካዊ ልጅ። ሽልማቱ የደረሰው እሱ ካለፈ በኋላ ነው። በ2019 ደግሞ ሁለት ልጆች ተጋሩት። አንዷ ግሬታ ተንበርግ ናት። ሌላዋስ? ከአምስታችን አንድም ሰው አላወቃት። ዲቪና ማሉም ትባላለች፤ ካሜሩናዊት፣ ልጆች በጽንፈኞች እንዳይመለመሉ የምትሠራ፤ ያኔ ገና 14 ዓመቷ ነበር። አንድ መድረክ፣ አንድ ሽልማት፣ ዜናው ግን ወደሚታወቀው ስም ሄደ። የእኛም እንዲህ እንዳይሆን ነው የምፈራው፤ በአነስተኛው።

ውሳኔ፦ የቡድኑ አባል ሁሉ ስም እኩል ፊደል ይጻፋል። የመራው ሰው ደግሞ ለብቻው ደብዳቤ ያገኛል፤ ምን እንደመራ በዝርዝር የሚናገር። መምራትም ሥራ ነውና።

9ኛ ሳምንት፣ ዓርብ

ገንዘብ ከመስጠት ይልቅ «ምን ጎደላችሁ?» ብለን ጠየቅን። ቧንቧ ጠጋኞቹ መፍቻ ፈለጉ፤ የሚጠቀሙበት የአንዱ አባት ነው፣ አባትየው ሲፈልጉት ሥራ ይቆማል። የንባብ ልጆቹ ማጉያ መነጽር፣ ሁለት። ከሌላ ቡድን ያለች አንዲት ልጅ ግን «ለቤተሰቦቼ ደብዳቤ ጻፉልኝ፤ ከትምህርት በኋላ የት እንደምሄድ አያምኑኝም» አለች። ያን ደብዳቤ ሦስት ጊዜ ነው የጻፍነው። ከሰርተፊኬቱ ሁሉ የበለጠ የተጨነቅንበት እሱ ነው።

10ኛ ሳምንት፣ ረቡዕ

ሰርተፊኬቶቹ ታትመው መጡ። ቁጭ ብዬ አየሁ፤ ከ27 ስም አራቱ ተሳስቷል። አንዷ ስሟን በጸሎቱ «ጸ» ነው የምትጽፈው፤ እኛ በፀሐዩ «ፀ» አድርገነዋል። አንዱን «አ» በ«ዓ» ቀየርን። ድምፁ አንድ ነው ብሎ ማለፍ ይቻላል። ግን ልጅቷ ይህን ወረቀት ግድግዳ ላይ ትሰቅለዋለች፤ በየቀኑ የምታየው የእኛን ቸልተኝነት ነው። ስህተቱ የማተሚያ ቤቱ አይደለም፣ በስልክ ሰምቼ የጻፍኩት እኔ ነኝ። እንደገና ይታተማል። አሁን እያንዳንዱ ስሙን በራሱ እጅ ጽፎ ፎቶ አንሥቶ ልኳል። ከመጀመሪያው እንዲህ ማድረግ ነበረብን።

የፎቶ ፈቃድም ተሰብስቧል። ከ18 በታች ለሆኑት የወላጅ ፊርማ ብቻ አልበቃንም፤ የልጁንም እሺታ ጠየቅን። አንድ ልጅ እናቱ ፈርመው እሱ «አይ» አለ። አይ ነው።

11ኛ ሳምንት

የቀን ምርጫ። መጀመሪያ ኦገስት 12 ብለን ነበር፤ የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1999 ዓለም አቀፍ የወጣቶች ቀን ብሎ የሰየመው ነው። ያን ቀን ግን ሁሉም ዝግጅት አለው፤ አዳራሽ አይገኝም። ቅዳሜ እናድርገው ተባለ። የንባብ ልጆቹ መሪ ጋ ደወልኩ።

«ቅዳሜ ሥራ አለን» አለችኝ።

እሑድ ሆነ።

12ኛ ሳምንት፣ እሑድ ማታ

አለቀ። እግሬን አልሰማውም።

የፕሮግራሙ ረቂቅ ላይ ስምንት የእንግዳ ንግግር ነበር፤ ለወጣቶቹ ሁለት ሁለት ደቂቃ። ሰባቱን ሰረዝኩ። የቀረው አንዱ እንግዳ ከተመደበላቸው አምስት ደቂቃ አልፈው 19 ደቂቃ ተናገሩ። መድረክ አልሠራንም፤ ጠረጴዛ ነው። እያንዳንዱ ቡድን ዕቃውን ይዞ ቁጭ አለ፣ ሰው እየዞረ ጠየቀ። የቧንቧዋ ሣጥን ዙሪያ ሰው ታጨቀ። አንድ አባት «የእኔ ቤት ቧንቧስ?» ብለው አድራሻ አስመዘገቡ።

የንባብ ልጆቹ አልመጡም። በስማቸውም አልጠራናቸውም። እማማን አስፈቅደን ግን ያቺን 40 ሴኮንድ በድምፅ ማጉያ ለቀቅናት። ሕፃኑ ሲያለቅስ ሰው ሳቀ። «እኔ ምን አለኝ» የሚለው ላይ ሲደርስ አዳራሹ ጭጭ አለ። ማጉያ መነጽሮቹን ቅዳሜ ወስጄላቸዋለሁ፤ ያለ ካሜራ።

15ኛ ሳምንት፣ ሰኞ

ክትትል። መፍቻው ሥራ ላይ ነው፤ እጀታው ላይ ቀይ ቴፕ ጠቅልለውበታል፣ እንዳይጠፋ። ደብዳቤ የጠየቀችው ልጅ እናቷ ደውለው አመሰገኑ፣ ቀጥለውም ለአሥር ደቂቃ ጠየቁኝ፤ ሁሉን አምነው አልነበረም። አንድ ቡድን ፎቶው ላይ መሃል በቆመው ልጅ ምክንያት ተኳርፏል። እሱን ገና አልፈታነውም። ሐሙስ ሄጄ አያቸዋለሁ።

ማታ ስልክ ተደወለልኝ። የቤተ መጻሕፍቱ ልጅ አጎት ናቸው። የሚቀጥለው ዙር ፎርም መቼ እንደሚወጣ ፈልገው ነው። ነገርኳቸው። ከዚያ እንዲያው ልጁ ደኅና እንደሆነ፣ ኳስ ይጫወት እንደሆነ ጠየቅኩ።

«ምን ባክህ፣ እሱ ሥራ ፈት! ሰፈር ውስጥ ያሉትን ውሪዎች ሁሉ ሰብስቦ፣ ጨርቅ ኳስ ሰፍቶ፣ ማታ ማታ ያሠለጥናል። ቤት ሥራ ያልሠራ አይጫወትም ይላቸዋል አሉ። ምኑ ይወራል!»

ሰዓቱንና ሜዳውን ጠይቄ ጻፍኩ።